የቆየ ሰነድ በአር ፓኬጅ ውስጥ

አር የስታቲስቲክስ ሰዎች ከዳታ ጋር የሚታገሉበት ነፃ ሶፍትዌር ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን ጀመሩት። 1.0.0 የተባለው እትም እ.ኤ.አ. በ2000 ወጣ። ሌላው ሰው የሚጨምርበት መሣሪያ «ፓኬጅ» ይባላል።

ፓኬጅ ከሁለት ዓይነት ጽሑፍ ጋር ይመጣል። አንዱ ስለ እያንዳንዱ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚያከናውን የኮድ ቁራጭ) የሚናገር አጭር የእገዛ ገጽ ነው። ሌላው ቪኜት ነው፤ ነገሩን ከነምሳሌው ዘርዝሮ የሚያስረዳ። የቪኜት ልዩነቱ ኮድና ማብራሪያ በአንድ ፋይል መኖራቸው ነው። ፓኬጁ ሲገነባ ኮዱ እንደ አዲስ ይሮጣል፣ ውጤቱም ጽሑፉ ውስጥ ይገባል።

ጣጣው የሚመጣው ሰነዱ ሲያረጅ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በመንዝ በግ ዳታ የሚሠራ ተማሪን እናስብ። አማካሪው ከዓመታት በፊት ስለ ዘዴው የጻፉት ማብራሪያ እጁ ላይ አለ። ይህን ፓኬጁ ውስጥ ማስገባት ይፈልጋል። ኮዱን ዛሬ ቢያሮጠው ግን የድሮው ቁጥር ላይመጣ ይችላል። በ3.6.0 እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ አር በዕጣ ናሙና የሚያወጣበት መንገድ ተቀየረ። ስለዚህ ዕጣውን ለመድገም የሚሰጠው መነሻ ቁጥር አንድ ሆኖ ሳለ የሚወጡት በጎች ሌሎች ናቸው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 4.0.0 ሲወጣ፣ ከፋይል የተነበበ ቃል በራሱ ወደ ምድብ (አር «ፋክተር» ወደሚለው) መለወጡ ቀረ። ድሮ ያለ ችግር ይሠራ የነበረ መስመር እዚህ ላይ ቀጥ ይላል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የድሮውን ማደስ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። የብራና መጽሐፍ የሚያነብ ሊቅ አስተያየት ካለው ኅዳጉ ላይ ይጽፋል እንጂ ዋናውን አይፍቅም። ሰነዱም ያኔ የተባለውን የሚመሰክር ከሆነ እንዳለ ይቀመጥ።

ለዚህ የሄንሪክ ቤንግትሰን ፓኬጅ፣ አር ዶት አርኤስፒ፣ ጥሩ መላ አለው። የድሮው ሰነድ ፒዲኤፍ የቪኜት ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ከጎኑ በዚያው ስም ላይ «አዝኢዝ» የሚል ቅጥያ የተጨመረበት ትንሽ ፋይል ይደረጋል፤ ቃሉም «እንዳለ» ማለት ነው። ፋይሉ ሁለት መስመር ይበቃዋል፦ አንዱ በማውጫው ላይ የሚታየው ርዕስ፣ ሌላው ቪኜቱን የሚያስተናግደው ሞተር (የሚያዘጋጀው የፓኬጁ ክፍል) ስም። የፓኬጁ መግለጫ ፋይልም አር ዶት አርኤስፒን እንዲጠራ ይደረጋል። ከዚያ ኮድ አይሮጥም፤ የድሮው ገጽ ከአዲሶቹ ቪኜቶች ጋር ይዘረዘራል። ፒዲኤፉን ዝም ብሎ ኢንስት በሚባለው ፎልደር ሥር ዶክ ውስጥ መወርወርም ይቻላል። ፋይሉ ይጫናል፤ ግን ከቪኜቶቹ ዝርዝር ስለማይገባ ማን ያየዋል?

ወደ እኛ ስንመጣ ሁለት ነገር ይጨመራል። የመጀመሪያው ዘመን ነው። በሰነዱ «1998» የሚል ብቻ ካለ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ርዕሱ ላይ ይጻፍ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 ዓመት ነው። የበግ ዕድሜ የሚያሰላ ሰው ይህን ቢስት ጉድ ይፈላል። ሁለተኛው ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደል መለያ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ፣ የሚጻፈው በየፕሮግራሙ የራሱ ፎንት ነበር። ገጹ ሲታይ ደህና አማርኛ ነው፤ ቀድታችሁ ስትለጥፉት ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይወጣል። ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ ካልታቀፈማ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መታየቱም ያጠራጥራል። ስለዚህ ከማስገባት በፊት ሌላ ማሽን ላይ ከፍቶ ማየት ነው። የፋይሉ ስም ግን ያለ ክርክር በላቲን ፊደል ይሁን፤ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል የአር ፍተሻ ላይ ማስጠንቀቂያ ያመጣል።

መጠንም አለ። የአር ፓኬጆች ዋና ማከማቻ የሆነው ክራን፣ በጥቅሉ ሰነድ ከ5 ሜጋባይት እንዳይበልጥ ይፈልጋል። በስካነር የተነሣ አሮጌ ወረቀት ይህን በቀላሉ ያልፋል። አር ራሱ ኮምፓክትፒዲኤፍ የሚል ማሳነሻ ፈንክሽን አለው፤ ጎስትስክሪፕት የተባለው የፒዲኤፍ ፕሮግራም ከተጫነ ሥዕሎቹንም ይቀንሳል። የማሰራጨት ፈቃዱንም አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል፤ ወረቀቱን ያሳተመው መጽሔት ባለመብት ሊሆን ይችላል።