ኪንደርጋርተን ምንድን ነው?

«ልጄ ዘንድሮ ኬጂ ሁለት ገባች» እንላለን። ኬጂ፣ ማለትም መዋዕለ ሕፃናት፣ ኪንደርጋርተን የሚለው የጀርመንኛ ቃል በእንግሊዝኛ በኩል አጥሮ የደረሰን ነው። ኪንደር ልጆች፣ ጋርተን የአትክልት ቦታ ማለት ነው።

ቃሉን ያወጣው ፍሪድሪሽ ፍሩበል በ1782 በጀርመን፣ በቱሪንገን ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዓመት ሳይሞላው እናቱ ሞተችበት፤ ጎረምሳ ሲሆን የደን ሙያ እንዲማር ተላከ፤ ኋላ መምህር ሆነ። በ1837 በብላንከንቡርግ ከተማ ለትንንሽ ልጆች የመሠረተው ተቋም ስሙ ረጅምና ለአፍ የማይመች ስለነበር ሌላ ፍለጋ ተጨነቀ። ባልደረባው እንደተረከው፣ አንድ ቀን በተራራ መንገድ ወደ ከተማዋ ሲወርዱ ፍሩበል ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመና «አገኘሁት! ስሙ ኪንደርጋርተን ይሁን!» ብሎ ጮኸ። በ1840 ስሙ ይፋ ሆነ።

«የአትክልት ቦታ» የተባለው ለጌጥ አልነበረም። በግቢው ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ የሚዘራበትና ውኃ የሚያጠጣበት የራሱ መደብ ነበረው። የጋራው መደብ ደግሞ የልጆቹን መደቦች ዙሪያቸውን ይከባል፤ ልጁ የራሱን እየተንከባከበ የሁሉም የሆነውንም እንዲጠብቅ ነው። መምህሯም «የልጆች አትክልተኛ» ተባለች። በዚያ ዘመን የነበሩት የሕፃናት ቤቶች ወላጅ ሥራ ውሎ እስኪመለስ ልጅ የሚጠበቅባቸው ነበሩ፤ ፍሩበል ግን ጨዋታን ራሱን ትምህርት አደረገው። «ስጦታ» ብሎ የሰየማቸውን መጫወቻዎችም አዘጋጀ፦ መጀመሪያ በስድስት ቀለም የተሠሩ ለስላሳ የሱፍ ኳሶች፣ ቀጥሎ የእንጨት ድቡልቡል፣ ሲሊንደርና ኩብ፣ ከዚያም ስምንት ቦታ የሚለያይ ኩብ። ልጁ ኩቡን ይበትነዋል፣ መልሶ ይገጥመዋል፤ ክፍልፋይን ስሙን ሳይሰማ በእጁ ያውቀዋል። ለእኔ የፍሩበል ትልቁ ሥራ ይኸኛው ነው።

በ1851 ከጀርመን መንግሥታት አንዱ የነበረው የፕሩሲያ መንግሥት ኪንደርጋርተንን «እምነት የለሽነትን ያስፋፋል» ብሎ አገደ። ባለሥልጣናቱ ፍሩበልን ጽሑፍ ካሳተመው የወንድሙ ልጅ ከካርል ፍሩበል ጋር አምታተውት ነበር። ሽማግሌው ስሕተቱን ቢያስረዳም ሰሚ አላገኘም፤ በዓመቱ አረፈ። እገዳው የተነሣው በ1860 ነው።

ቃሉ ግን አስቀድሞ ባሕር ተሻግሯል። በ1856 ማርጋሬተ ሹርትስ የተባለች ጀርመናዊት ስደተኛ በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ በጀርመንኛ የሚያስተምር ኪንደርጋርተን በቤቷ ከፈተች። በ1860 ኤልሳቤጥ ፒቦዲ በቦስተን የእንግሊዝኛውን ስትጀምር ስሙን አልተረጎመችውም፤ እንዳለ ወሰደችው።