የሃያ ዓመት ሰው የአራት ዓመት ልጅ አይደለም

በልዩ ፍላጎት ክፍል የሚያስተምር ሰው በየመስከረሙ ምዝገባ ላይ የአእምሮ እድገት ውስንነት ስላለባቸው፣ ማለትም መማርና ራስን መቻል ከእኩዮቻቸው ይበልጥ ስለሚከብዳቸው ልጆች የሚሰማቸው የማያመልጡ አባባሎች አሉ። ወላጅ ይላቸዋል፤ ጎረቤት ይላቸዋል፤ የሚያናድደው ግን ርዕሰ መምህሩም፣ ነጭ ጋዋን የለበሰው ባለሙያም መድገማቸው ነው። ቀላል ቀላሎቹን በአጭሩ ልጨርስ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የአእምሮ ሕመምተኛ ነው።» አይደለም። የአእምሮ እድገት ውስንነት በመድኃኒት የሚድን በሽታ አይደለም። እነዚህ ልጆችም እንደ ማንኛውም ሰው በአእምሮ ሕመም ሊያዙ ይችላሉ፤ ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

«የእናቱ ኃጢአት ነው።» ከውስንነቱ መነሻዎች አንዱ የሆነው ዳውን ሲንድረም ከ21ኛው ክሮሞዞም ትርፍ ቅጂ እንደሚመጣ ከ1959 ጀምሮ ይታወቃል። በእርግዝና ጊዜ የሚያጋጥም ከባድ የአዮዲን እጥረት፣ በወሊድ ወቅት የሚደርስ የኦክስጅን መቋረጥም ከሌሎቹ የውስንነቱ ምክንያቶች መካከል ናቸው። ጸበል መውሰድ የቤተሰቡ ፈንታ ነው፤ ከጸበል መልስ ግን ልጁን ወደ ክፍል ይዛችሁ ኑ።

«ሌሎቹን ተማሪዎች ወደ ኋላ ይጎትታል።» የአካቶ ትምህርት (ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ክፍል የማስተማር) ጥናቶችን የገመገሙ ተመራማሪዎች በአብዛኛው ያገኙት የሌሎቹ ውጤት እንደማይጎዳ ነው። ሰባ ልጅ የታጨቀበትን ክፍል ችግር በአንድ ተማሪ ማሳበብ ነውር ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፦ «ቁመቱ ነው እንጂ ጭንቅላቱ የአራት ዓመት ልጅ ነው።»

ይህ አባባል ሳይንስ ስለሚመስል ነው የሚከፋው። መነሻው ፓሪስ ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አልፍሬድ ቢኔ ከባልደረባው ቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 ፈተና ያዘጋጀው ተጨማሪ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ተማሪዎች ለመለየት ነበር። በ1908 ጥያቄዎቹን በእድሜ ደለደላቸው፤ በ1912 ጀርመናዊው ዊልያም ሽተርን የተገኘውን የአእምሮ እድሜ ለእውነተኛው እድሜ አካፍሎ አንድ ቁጥር አደረገው፤ የማሰብ ችሎታ ነጥብ (IQ) የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ቢኔ ራሱ የማሰብ ችሎታ የማይለወጥ መጠን ነው የሚሉትን በ1909 አጥብቆ ተቃውሟቸዋል። ሰሚ ግን አላገኘም። «የአራት ዓመት አእምሮ» ማለት በአንድ ወረቀት ላይ የተገኘ ነጥብ ከአራት ዓመት ልጆች አማካይ ጋር ገጠመ ማለት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም የለውም። ዛሬ ምርመራው በፈተናው ነጥብ ብቻ አይወሰንም፤ ሰውየው በዕለት ተዕለት ኑሮው ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚያቅተውም አብሮ ይታያል።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከአሥር በላይ መቁጠር አትችልም። ቤቷ ግን ቡና ታፈላለች፤ እንግዳ ሲጨመር ማንም ሳይነግራት ሲኒ ትጨምራለች። የታክሲውን ረዳት ጥሪ አዳምጣ የሰፈሯን ትለያለች። ለቅሶ ቤት ስትገባ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። የትኛው የአራት ዓመት ልጅ ነው ይህን የሚያደርገው? እናቷ ግን «መምህር፣ ምን ያስጨንቋታል? ሕፃን እኮ ናት፤ ዳክዬ ቀለም ትቀባ» አሉኝ። ስለ ወር አበባ ማንም አልነገራትም። ሰው ያለአግባብ ሲነካት እምቢ እንድትል ያስተማራት አልነበረም። ሕፃን ናትና! የዚህ አባባል ዋጋ የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው።

ገንዘብ አስተማርናት፤ መቀነስ ሳትችል። ዘዴው በጥናት የተፈተነ ነው። ዋጋው 37 ብር ከሆነ የፊተኛዋን አሃዝ አይታ ሦስት ባለ አሥር ብር ትቆጥራለች፣ አንድ ባለ አሥር ትጨምራለች፣ መልሷን ትጠብቃለች። ወራት ፈጀ፤ ቻለችው።

አሜሪካዊው የልዩ ትምህርት ተመራማሪ ማርክ ጎልድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከባድ ውስንነት አለባቸው የተባሉ ሰዎችን ብዙ ክፍሎች ያሉት የብስክሌት ፍሬን መገጣጠም አስተምሯል። ለአንዳንዶቹ የየክፍሉን አንድ ገጽ ቀለም ቀባላቸው፤ ቀለሙ ወደ እነሱ ከዞረ በትክክል ይዘውታል ማለት ነው። ቀለም የተቀባላቸው በጣም ፈጥነው ተማሩ። የተለወጠው የማስተማሪያው መንገድ ነበር።

ስለዚህ እቤት ያላችሁ እንዲህ አድርጉ። ሥራውን ሰባብሩት። እጅ መታጠብ ቧንቧ መክፈት፣ ማርጠብ፣ ሳሙና፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ መዝጋት፣ ማድረቅ ነው። የመጀመሪያዎቹን አብራችሁት ሥሩ፤ የመጨረሻውን ለእሱ ተዉለት፤ ሲለምደው ከመጨረሻው በፊት ያለውን ጨምሩለት። ለመርዳት ከመንደርደራችሁ በፊት በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። የሃያ ዓመቱን ጎረምሳ በሕፃን ቋንቋ አታናግሩት።

«ማንበብማ አይሆንለትም» የሚሉም አሉ። ቴክሳስ ውስጥ የማሰብ ችሎታ ነጥባቸው ከ40 እስከ 80 የሆኑ (አማካዩ 100 ነው) ልጆች በትንንሽ ቡድን፣ በየቀኑ፣ እስከ አራት ዓመት በሥርዓት ሲማሩ በማንበብ ተሻሽለዋል። እኛ ሁለት ሳምንት ሞክረን «አልገባውም» እንላለን።

በመጨረሻ ውጭ ሀገር ላላችሁ፦ «ሁለት ቋንቋ ያደናግረዋልና አማርኛውን ተዉት» የሚል ምክር ከተሰጣችሁ አትቀበሉት። በካናዳ በ2005 በታተመ ጥናት ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች በእንግሊዝኛቸው አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚሰሙት አቻዎቻቸው አላነሱም። አማርኛውን ከከለከላችሁትማ አያቱ ከጎንደር ስትደውል በምን ሊያናግራት ነው?