ያው ህልም ሲመላለስ

«አንድ ህልም ይመላለስብኛል። እግዚአብሔር ምን እያለኝ ይሆን?» አማኞች ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ ነው። ከኋላው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዘፍጥረት 41፥32 ይከተላል። ዮሴፍ ለፈርዖን ህልሙ ሁለት ጊዜ የታየው ነገሩ በእግዚአብሔር ዘንድ የተቆረጠ ስለሆነ ነው ብሎታል። እንግዲህ የእኔም ከተደጋገመ ተቆርጧል ማለት ነው፣ ይባላል።

ቀስ እንበል። ዮሴፍ የተናገረው ስለዚያ ህልም ነው፤ ስለ ሰባቱ ላሞችና ስለ ሰባቱ እሸቶች። ለሰው ሁሉ ህልም የሚሠራ ሕግ አላወጣም። ያው መጽሐፍ ቅዱስ በመክብብ 5፥3 ላይ ህልም በሥራ ብዛት እንደሚታይም ይነግረናል። እግዚአብሔር ዛሬም በህልም ሊናገር ይችላል፤ እሱን የሚከለክለው የለም። ግን የተደጋገመ ሁሉ ትንቢት አይደለም። መባረር፣ ከከፍታ መውደቅ፣ ማርፈድ፣ ሳያጠኑ ፈተና መቀመጥ፦ እነዚህን በየአገሩ ያመነም ያላመነም ያያቸዋል። የእኔ እምነት ይህ ነው፦ ተመላላሽ ህልም ብዙ ጊዜ የሚያሳየን ነገ የሚሆነውን ሳይሆን ዛሬ ቀን ላይ የሸሸነውን ነው።

ስለዚህ ወደ ህልም ፈቺ ከመሮጥ በፊት ትንሽ እንቀመጥ። «ጥርስ ከወለቀ ሰው ይሞታል፣ ውሃ ካየህ እንዲህ ይሆናል» የሚሉ ዝርዝሮችን ተዉአቸው። «ህልም እንደ ፈቺው ነው» ይባል የለ? አንዱ ያስፈራራችኋል፣ ሌላው ሲሳይ ነው ይላችኋል፤ ልባችሁ ግን እዚያው እንደታመሰ ይቀራል። ዮሴፍ በእስር ቤት የሁለቱን የፈርዖን ሹማምንት ህልም ከመፍታቱ በፊት ያላቸው ትርጓሜ የእግዚአብሔር ነው የሚል ነው (ዘፍ 40፥8)። ዳንኤልም የባቢሎንን ንጉሥ ህልምህን እንድፈታ ጊዜ ስጠኝ ብሎ ከሦስቱ ጓደኞቹ ጋር ለጸሎት ተቀመጠ። ትርጉሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አንዲት እህት እናስብ። ትምህርት ከጨረሰች ዓመታት አልፈዋል። በህልሟ ግን ፈተና ክፍል ተቀምጣለች። ወረቀቱ ፊቷ አለ፣ እስክሪብቶው አይጽፍም፣ ሌሎቹ እየጨረሱ ይወጣሉ። ላብ በላብ ሆና ትባንናለች። ይህን «የሰይጣን ጥቃት ነው» ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው። ግን አንድ ነገር እንጠይቃት፦ ህልሙ የሚመጣው መቼ መቼ ነው? አስባ አስባ «አገልግሎት ላይ ለማስተማር ተራዬ ሲደርስ» ትላለች። አያችሁ? ነገሩ ትምህርት ቤቱ አይደለም። «አልበቃም፣ ይነቃብኛል» የሚል ፍርሃት ነው፤ ቀን ላይ በፈገግታ ሸፍናው የምትውለው። አሁን የምትጸልይበትን ነገር አገኘች። «መርምረኝ፣ ልቤንም እወቅ» የሚለው የመዝሙር 139 ጸሎት እዚህ ጋ ሥጋ ይለብሳል።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። አልጋው አጠገብ ደብተር ይኑር። ስትነቁ ስልክ ሳትነኩ ያያችሁትን ጻፉ፤ ህልም ቶሎ ይጠፋል። ዳንኤልም ህልሙን ጽፎታል (ዳን 7፥1)። ከታሪኩ ይልቅ ስሜቱን ያዙ፦ ፈራሁ? አፈርኩ? አዘንኩ? ያን ስሜት ቀን ላይ የት ነው የማውቀው? ምሽቱን ምን ሆኜ ነበር? ከዚያ ይዛችሁት ጸልዩ። መልሱ በአንድ ሌሊት ካልመጣ አትጨነቁ።

ሌላው ብዙ የማይወራለት ነገር ፈጠራ ነው። ዮሴፍ ህልሙን ፈትቶ ዝም አላለም። አስተዋይ ሰው ይሾም፣ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛው እጅ ይቀመጥ ብሎ ሙሉ ዕቅድ አቀረበ። ማንም ዕቅድ አልጠየቀውም እኮ! የተጠየቀው ትርጉም ብቻ ነበር። ህልሙ ግን በእጁ ላይ ሥራ ሆነ።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ ኦቶ ሎዊ የሚባል ተመራማሪ ነበር። ነርቭ ለልብ መልእክት የሚያደርሰው በኬሚካል ይሆን የሚል ሐሳብ ከዓመታት በፊት አንስቶ ነበር። ራሱ እንደተረከው በፋሲካ ዋዜማ ሌሊት ነቅቶ በቁራጭ ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ሞነጫጨረ። ጠዋት የገዛ ጽሑፉን ማንበብ አቃተው። በማግስቱ ሌሊት ሐሳቡ ተመልሶ መጣ። ይህን ጊዜ አልተኛም፤ ተነስቶ ወደ ላቦራቶሪው ሄዶ በእንቁራሪት ልብ ሞከረው። ያ ሥራ በ1936 እ.ኤ.አ. ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። ልብ በሉ፣ ጥያቄው አስቀድሞ ውስጡ ነበር። ዝማሬ የምትደርሱ፣ የምትጽፉ፣ የምትስሉ፦ ደጋግሞ የሚመጣባችሁ ምስል ካለ «ምን ይሆን ትርጉሙ» ብቻ አትበሉ። ሥሩበት። የመገናኛውን ድንኳን የሠራውን ባስልኤልን ለጥበብ ሥራ በመንፈሱ የሞላ አምላክ (ዘጸ 31) እናንተንም ያውቃል።

አንድ ማሳሰቢያ። ህልማችሁ ውስጥ ጎረቤታችሁ ቢላ ይዞ ቢያባርራችሁ፣ ጠላቴ እሱ ነው ብላችሁ ሰላምታ አትንፈጉት። በህልም ማስረጃ ሰው አይከሰስም። ከእግዚአብሔር ቃል ጋር የሚጋጭ ህልምም፣ መቶ ጊዜ ቢመላለስ፣ አይሰማም፤ ዘዳግም 13 ምልክቱ ቢፈጸም እንኳ አትስሙት ይላል።

ህልሙ ካለፈ ክፉ ነገር የመጣ ከሆነ፣ ከአደጋ፣ ከጦርነት፣ ከጥቃት፣ እንቅልፍም ከነሳችሁ፣ ለብቻችሁ አትያዙት። ለምታምኑት የመንፈስ አባት ወይም መጋቢ ንገሩ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያም ጋ ሂዱ። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ፦ ቅዠቱን በጠራራ ፀሐይ ትጽፉታላችሁ፣ መጨረሻውን ራሳችሁ ትለውጡታላችሁ፣ አዲሱን ታሪክ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በልባችሁ ትደግሙታላችሁ። ከመተኛታችሁ በፊት «በሰላም እተኛለሁ» የሚለውን መዝሙር 4ን ጨምሩበት።