በጎንደር ዙሪያ የእርከን ሥራ፦ የተሠራው ለምን ይፈርሳል?

በጎንደር ዙሪያ ባሉ ተዳፋት ማሳዎች የአየር ንብረት ለውጥ አንዱ መልክ ጎርፍ ነው። የሞቀ አየር በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መሸከም ስለሚችል ዝናቡ ዶፍ ሆኖ የመውረድ ዕድሉ ይሰፋል። ለከተማው ውሃ የሚያቀርበውን የአንገረብ ግድብ የሚያስቸግረው ደለልም ከላይ ካለው መሬት ታጥቦ የሚመጣ ነው።

እርከን መሥራት እንደሚበጅ ገበሬው ያውቃል፤ በየዓመቱም በበጋው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ይቆፈራል። ብዙው ግን ክረምቱን ሳይሻገር ይናዳል።

የአፈር እርከን ሲሠራ ጥልቀቱም ስፋቱም 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ይቆፈርና አፈሩ ከቦዩ በታች በኩል ተከምሮ ይጠቀጠቃል። ተዳፋቱ 10 በመቶ ከሆነና በእርከኖቹ መካከል 1 ሜትር የከፍታ ልዩነት ከተያዘ በየ10 ሜትሩ አንድ እርከን ይወጣል።

ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ቅየሳው ላይ ነው። ዝናብ በበዛበት፣ በተለይ ውሃ ቶሎ በማያሰርግ ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር ላይ፣ ቦዩ ወደ አንድ ጎን ሳያዘቀዝቅ ፍጹም ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃ ይቋጥርና አዝመራውን ያሻግታል፤ ሞልቶ ሲያልፍም ደካማውን ቦታ ጥሶ የታችኛውን እርከን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ በ10 ሜትር ገመድና በውሃ ልክ እየተለካ፣ በየ10 ሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መፋሰሻው፣ ማለትም ከእርከኖቹ የሚወጣው ትርፍ ውሃ ቁልቁል ወደሚወርድበት ቦይ፣ ዝቅ እንዲል ይደረጋል። መፋሰሻው፣ ከማሳው በላይ ያለው የጎርፍ መቀልበሻም፣ ከእርከኑ ቀድመው መሠራት አለባቸው። መፋሰሻው ሣር ካልለበሰ ራሱ ቦረቦር ይሆናል። ችግሩ የሚከረው እዚህ ነው፤ መፋሰሻው የሚያልፈው በአንድ ገበሬ መሬት ሲሆን የሚጠቀሙት ግን ከላይ ያሉት ሁሉ ናቸው። የመሬት ማካካሻ ወይም የወሰን ስምምነት ሳይኖር ሲቀር ውሃው ወደ ጎረቤት ማሳ ይለቀቃል፤ ጠብም ይነሳል። ገበሬው በማረሻ የሚያወጣው ፈሰስም ማሳውን ቢያድን፣ መውጫ ከሌለው ይህንኑ ጣጣ ያመጣል።

ሁለተኛው እንቅፋት የመሬት መጥበብ ነው። ቦዩና ክምሩ 1.5 ሜትር ከያዙ፣ ከላይ በተባለው ርቀት ከአንድ ሄክታር 1,500 ካሬ ሜትር ይወስዳሉ። በሬ ማዞሪያ ይጠብባል፣ የድንጋይ እርከን አይጥ ያስጠልላል። ይህ ቅሬታ ስንፍና ተደርጎ መቆጠር የለበትም፤ መልሱ ክምሩ ላይ ደሾ ወይም ዝሆኔ ሣር ተክሎ የጠፋውን መሬት በመኖ መመለስ ነው።

ሣሩ ግን አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ከብት ከተለቀቀበት ሥር ሳይሰድ ያልቃል፤ ክምሩም በሰኮና ይደረመሳል። ልቅ ግጦሽ የሚቆመው ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ባወጡት መተዳደሪያ ደንብ ሲሆን፣ ደንቡ የሚጸናውም በበጋ አጭዶ ማብላት የሚያስችል መኖ ካለ ብቻ ነው።