አክራሪ ቀኙ ኤሊዜ ቤተ መንግሥት ይገባል? ስለ ፈረንሳይ ምርጫ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የፈረንሳይ ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ ሲቃረብ ክርክራችን ያው ነው። አንዱ የሆነ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ይለጥፍና «የአክራሪ ቀኟ ማሪን ለፔን እየመራች ነው፣ አበቃ!» ይላል። ሌላው ደግሞ «ፈረንሳይ ውስጥ? በሕልሟ!» ይላል። ሁለቱም የተሳሳተ ቁጥር ላይ ነው ያፈጠጡት ባይ ነኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«በመጀመሪያው ዙር አንደኛ የወጣ አሸነፈ»

አይደለም። ለማሸነፍ ዋጋ ካለው ድምፅ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግድ ነው። ካልተገኘ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይገጥማሉ። አሁን ባለው ሥርዓት ሕዝቡ በቀጥታ መምረጥ ከጀመረበት ከ1965 ወዲህ በመጀመሪያው ዙር የጨረሰ አንድም ሰው የለም። ደጎል እንኳ ያን ሁሉ ዝና ይዞ ከሚተራን ጋር ሁለተኛ ዙር ገብቷል። ስለዚህ ጥናቱ ለአንድ ሰው 30 ምናምን በመቶ ሲሰጥ መጀመሪያ «ከማን ጋር ሲገጥም?» ብላችሁ ጠይቁ።

«2002ን አይተናል እኮ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተባብሮ ይጥላቸዋል»

እዚህ ጋ ቆም እንበል፣ ዋናው ስህተት ያለው እዚህ ነው። ሚያዝያ 21 ቀን 2002፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። ቴሌቪዥኑ ለሁለተኛው ዙር ያለፉትን ሁለት ሰዎች ፊት አወጣ። አንዱ ፕሬዝዳንቱ ዣክ ሺራክ ነው፣ ይጠበቅ ነበር። ሌላው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊዮኔል ዦስፓን ይሆናል ሲባል የአክራሪ ቀኙ ዣን ማሪ ለፔን ብቅ አለ! 16.86 በመቶ ለ16.18፣ ልዩነቱ ከ200 ሺህ ድምፅ በታች። ተወዳዳሪው 16 ነበር፣ ግራዎቹ ደግሞ ድምፃቸውን ለብዙ ተቀራመቱት። ከዚያ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ ሺራክን ዓይኑን ማየት የማይፈልገው ግራ ሁሉ ተሰልፎ መረጠው፣ ሺራክም 82 በመቶ አግኝቶ አሸነፈ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ግን ሴት ልጁ ማሪን ለፔን በ2017 ሁለተኛ ዙር ከማክሮን ጋር ገጥማ 33.90 በመቶ አገኘች። በ2022 ከዚያው ሰው ጋር 41.45፣ ከ13 ሚሊዮን ድምፅ በላይ። አባቷ 17.79 ነበር ያገኘው። አክራሪ ቀኙን ለመከልከል ሁሉም ተባብሮ የሚያቆመው ግንብ በየምርጫው ድንጋይ እየወደቀበት ነው።

ፈርሷል ማለት ግን አይደለም። በ2024ቱ የፓርላማ ምርጫ ፓርቲዋ በመጀመሪያው ዙር አንደኛ ወጥቶ ነበር። ለሁለተኛው ዙር ያለፉ ከ200 በላይ ተወዳዳሪዎች፣ አብዛኞቹ ሦስተኛ የወጡ፣ እሱን ለመከልከል ሲሉ ራሳቸውን አገለሉና ከአጋሮቹ ጋር ሆኖም በመቀመጫ ብዛት ከሁለቱ ተፎካካሪ ጥምረቶች ቀጥሎ ሦስተኛ ሆኖ አረፈው።

አሁን ደግሞ ድምፅ አሰጣጡን እዩት። እዚያ ወረቀት ላይ ምልክት አይደረግም። የእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ስም በየራሱ ወረቀት ታትሞ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። ፖስታ ትወስዳለህ፣ ወረቀቶቹን ታነሳለህ፣ መጋረጃው ውስጥ ገብተህ አንዱን ፖስታው ውስጥ ትከትና መስታወት በሚመስለው ኮሮጆ ትጨምራለህ። «ሁሌ ለማልወደው ሰው እስከ መቼ?» ብሎ የተማረረው መራጭ ታዲያ ፖስታውን ባዶ ይተወዋል፣ ወይም ነጭ ወረቀት ይከትበታል። ነጩ ለብቻው ይቆጠራል እንጂ በመቶኛው ስሌት ውስጥ አይገባም። በ2017 ነጩና የተበላሸው ተደምሮ ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበር። አስር ሰው ውሰዱ። ስድስቱ ተቃዋሚ፣ አራቱ ደጋፊ። ከስድስቱ ሦስቱ ቢማረሩና ነጭ ቢከቱ አራት ለሦስት ሆነ ማለት ነው። አንድም ሰው ሐሳቡን ሳይቀይር ለፔን አሸነፈች! እኔ ዕድሏን የምለካው በሚወዳት ሰው ብዛት ሳይሆን እሷን ለመከልከል ሲል እሁድ ከቤቱ በሚወጣው ሰው ብዛት ነው።

«ደጋፊዎቿ ስለሚያፍሩ ጥናቱ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያሳያት»

በ2002 ልክ ነበር። አሁን ግን የሆነው ተቃራኒው ነው። በ2017 የመጨረሻዎቹ ጥናቶች ለሁለተኛው ዙር 38 በመቶ ገደማ ሰጥተዋት 34 እንኳ አልሞላችም። በ2022ም ከተገመተላት በታች ነው የወጣችው። ሌላውን የአክራሪ ቀኝ ተወዳዳሪ ኤሪክ ዜሙርንም አስታውሱት። በ2021 መጸው አንዳንድ ጥናቶች ከ15 በመቶ በላይ ሰጥተውት፣ ሚዲያው ሁሉ ስለ እሱ ብቻ ሲያወራ ከርሞ፣ 7 በመቶ ላይ ቀረ።

«የሚመርጧት ነጭ ዘረኞች ብቻ ናቸው»

እንግዲያው ጓዴሎፕ እንሂድ። ካሪቢያን ውስጥ ያለች የፈረንሳይ ደሴት ናት፣ አብዛኛው ሕዝቧም በባርነት ከአፍሪካ የተጋዙ ሰዎች ዘር ነው። በ2022 መጀመሪያ ዙር ከግማሽ በላዩ ግራውን ሜሎንሾንን መረጠ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ሕዝብ ለለፔን 70 በመቶ ገደማ ሰጣት። በአስራ አምስት ቀን አክራሪ ቀኝ ሆኑ? ኧረ ባካችሁ። የኮቪድ ክትባት ግዴታው አናዷቸዋል፣ የቧንቧ ውሃ ይቆራረጣል፣ ኑሮው ውድ ነው። ማክሮንን መቅጣት ነበር የፈለጉት። ፓሪስ በበኩሏ ለማክሮን 85 በመቶ ሰጠች።

ይህን ስል ፓርቲውን ንጹሕ ማድረጌ አይደለም። ቤትና ሥራ ላይ ለዜጋ ቅድሚያ ይሰጥ የሚለው አቋሙ በግልጽ የተጻፈ ነው። ፈረንሳይ በመኖሪያ ፈቃድ የምትኖሩ ወገኖች፣ ከንግግሩ ይልቅ እሱን ብታነቡ ይሻላል።

«ፍርድ ቤት ከለከላት፣ አበቃ»

መጋቢት 31 ቀን 2025 የአውሮፓ ፓርላማን ገንዘብ በመመዝበር ጥፋተኛ ተብላ፣ ወዲያው የሚጸና የአምስት ዓመት የመመረጥ እገዳ ተጣለባት። ይግባኝም አለች። የይግባኙ ነገር ምንም ይሁን ምን፣ ድምፁ የእሷ የግል ንብረት አይደለም። የ1995 ልጅ የሆነው የፓርቲው ሊቀመንበር ጆርዳን ባርዴላ በ2024ቱ የአውሮፓ ምርጫ ዝርዝሩን መርቶ 31 በመቶ አግኝቷል።

«ካሸነፉ በማግስቱ ስደተኛውን ሁሉ ያባርራሉ»

ሕግ የሚያወጣው ፓርላማው ነው። የታችኛው ምክር ቤቱ 577 መቀመጫ አለው፣ አብላጫ ለመያዝ 289 ያስፈልጋል። በ2024 ፓርቲውና አጋሮቹ ተደማምረው ያገኙት 140 ገደማ ነበር።