እንሰት፦ እንዲያብብ የማይተው ተክል

እንሰት የሙዝ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ፍሬው ግን አይበላም። ለምግብ የሚውሉት እርስ በርስ ተጠቅልለው ግንድ የሚመስሉት የቅጠሉ እግሮችና ከመሬት ሥር ያለው አሚቾ ናቸው። የዱር እንሰት ከኢትዮጵያ አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይበቅላል፤ አላምዶ ዋና ምግቡ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሀዲያ፣ በከምባታ፣ በወላይታ፣ በጌዴኦ፣ በጋሞ፣ በካፋና በሌሎችም አካባቢዎች ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በዋና ወይም በተደራቢ ምግብነት እንደሚጠቀምበት ይገመታል።

የዱሩና የጓሮው እንሰት የተለያዩት አበባው ላይ ነው። እንሰት በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦና አፍርቶ ይሞታል፤ ለዓመታት ያከማቸው ስታርችም አበባው ብቅ በሚልበት ሰሞን ከፍተኛው መጠን ላይ ይደርስና ፍሬው እየጎለበተ ሲሄድ ይሟጠጣል። ተክሉ ስንቁን የሚይዘው ለዘሩ ሲሆን ሰው የሚፈልገው ደግሞ ስንቁን ስለሆነ፣ ገበሬው አበባው ሳይወጣ ወይም ገና ብቅ ሲል ይቆርጠዋል። በዚህ የተነሣ በጓሮ ያለ እንሰት ዘር ለማፍራት ዕድል የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው።

መባዛቱም ስለዚህ በሰው እጅ ወድቋል። ሙዝ በራሱ ጊዜ ከሥሩ ቡቃያ ሲያወጣ፣ እንሰት ግን ካልተነካ አያወጣም ማለት ይቻላል። ገበሬው ገና ለጋ የሆነውን ተክል ግንዱን ቆርጦ፣ በአሚቾው መካከል ያለውን የዕድገት እምብርት ፈልፍሎ ያወጣና ከፍግ ጋር መልሶ ይቀብረዋል። ወደ ላይ ማደግ የተከለከለው አሚቾ በዙሪያው በአሥሮች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚበልጡ ችግኞች ያበቅላል። ችግኞቹ በብዙ አካባቢ ደጋግመው እየተነቀሉ ሰፋ ወዳለ ቦታ ይዛወራሉ፤ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ጠባይም ለመድረስ አራት፣ አምስት፣ በደጋ ደግሞ ከዚያ በላይ ዓመታት ይፈጅባቸዋል።

እንዲህ የሚወለደው ችግኝ የእናቱ ግልባጭ ነው። ቢሆንም የእንሰት ዓይነቶች በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ እያንዳንዱም በየቋንቋው የራሱ ስም አለው። የሰው ፍላጎት የለየው ይህን ነው፦ አንዱ ለነጭ ቆጮው፣ ሌላው ለቃጫው ጥንካሬ፣ ሌላው ተቀቅሎ ለሚጥመው አሚቾው ይተከላል። በጉራጌ ጓርየ የሚባለው አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይበጃል ተብሎ ይመረጣል። ይህን ዕውቀት አጥብቀው የያዙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ግንዱን በቀርከሃ የሚፍቁት፣ አሚቾውን የሚከትፉት፣ ቡላውን ጨምቀው የሚያጠሉትና ቆጮውን በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ የሚቀብሩት እነሱ ናቸውና። በአንዳንድ አካባቢ ወንድ ወደ ሥራው ቦታ መቅረቡ እንኳ ነውር ነው። በጉድጓዱ የሚብላላው ቆጮ ለወራት፣ በብርዳማ ደጋ ደግሞ ከዓመት በላይ ይቆያል።

ተክሉም በበኩሉ የሰውን ኑሮ አበጅቷል። እንሰት ያለ ፍግ አይሆንለትምና ተካዩ ቤተሰብ ከብት ማርባት አለበት፤ ቆጮም በፕሮቲን ድሃ ስለሆነ የከብቱ ወተት፣ አይብና ሥጋ ያስፈልጉታል። ቆጮን ከክትፎና ከአይብ ጋር ማቅረብ በአዲስ አበባ የግብዣ ወግ መስሎ ይታይ እንጂ መነሻው ይህ ጥምረት ነው። ፍጉ ከበረት የሚወጣ በመሆኑም እንሰቱ ከቤቱ ጥግ አይርቅም። በትንሽ መሬት ብዙ ሰው ስለሚመግብ፣ ወላይታን፣ ሲዳማንና ጌዴኦን የመሳሰሉት የእንሰት አገሮች በገጠር ሕዝብ ብዛታቸው ከአገሪቱ ግንባር ቀደም ናቸው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር፣ እንሰትና ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው የሚለሙበት ሥርዓት፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በሰሜን ታሪኩ ሌላ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜኑም ለምግብነት እንደሚውል ጽፎ ሥዕሉን አሳትሟል፤ ዛሬ ግን በዚያ የሚታወቀው ይበልጡን ድፎ ዳቦ በሚጋገርበት የኮባ ቅጠሉ ነው። ያው ተክል፣ ሌላ ፍላጎት።

ግልባጭ መሆን ዋጋ ያስከፍላል። የእንሰት አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1968 ከኢትዮጵያ በሳይንስ ጽሑፍ የተመዘገበ ሲሆን ከተክል ወደ ተክል በዋናነት የሚተላለፈው በመቁረጫ ቢላዋ ነው፤ ተክሉን የሚያባዛው መሣሪያ በሽታውንም ያባዛል። ገበሬው የታመመውን ነቅሎ እንዲቀብርና ቢላዋውን በእሳት እንዲያሞቅ ይመከራል። ማዚያን የመሰሉ የወላይታ ዓይነቶች ከሌሎቹ የተሻለ ይቋቋሙታል፤ ፈጽሞ የማይነካው ግን የለም። በወላይታ የሚገኘው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ከየአካባቢው የተሰበሰቡ ዓይነቶችን በመስክ ላይ ይዟል። እንሰት በዘር ከተባዛ የእናቱን ጠባይ ጠብቆ ስለማይወጣ ስብስቡ በከረጢት ታሽጎ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም፤ አሚቾው እየተፈለፈለ፣ እየተቀበረ፣ እንደገና እየተተከለ ነው የሚኖረው።