ፊክስድ ብስክሌት፦ ቪዲዮው ላይ የማይታየው

ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት ብርቅ አይደለም። ብርቁ ፊክስድ ነው፤ ፔዳሉ ከኋላ ጎማ ጋር አብሮ የሚዞር፣ እየሄደ እግር የማያሳርፍ። መሪ በአየር ላይ ሲያዞሩ፣ ወደ ኋላ ሲነዱ፣ ጎማ ቆልፈው ሲንሸራተቱ የሚያሳዩ የፍሪስታይል ቪዲዮዎችን አይቶ የቤቱን ሳይክል ሊቀይር የተነሳ ሰው ከሚሰማቸው ምክሮች አንዳንዶቹ ጥርስ ያስወልቃሉ፤ የብስክሌቱንም የሰውዬውንም።

«ፍሪዊሉን አስበይደው፣ ፊክስድ ይሆናል»

ለጥቂት ቀን ይሆናል። ፍሪዊል፣ ማለትም እግር ሲያርፍ ጎማው ብቻውን እንዲዞር የሚያደርገው የኋላ ዕቃ፣ ሞዞው (የጎማው እምብርት) ላይ የሚታሰረው በቀኝ ፊሌት (ወደ ቀኝ ሲዞር በሚጠብቅ ጠመዝማዛ) ነው፤ ወደ ፊት ሲመቱት ይጠብቃል። ፍጥነት ለመቀነስ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲይዙት ግን ያው ጉልበት ይፈታዋል። ብየዳው ካቴናው የሚዞርበትን ጥርስ ከፍሪዊሉ ጋር ያጣብቃል እንጂ ፍሪዊሉን ከሞዞው ጋር አያስርም። የሚፈታው ደግሞ ፍሬን በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።

የፊክስድ ሞዞ ፊሌቱ ሁለት ደረጃ አለው። ሰፊው ለጥርሱ፣ ቀኝ ነው፤ ጠበብ ያለው ለማሰሪያ ቀለበቱ፣ ግራ ነው። ጥርሱ ሊፈታ ሲሞክር ቀለበቱን ይገፋዋል፤ ቀለበቱ በዚያ አቅጣጫ ይጠብቃል። ሰውን የሚያሳስተው የፍሪዊልና የፊክስድ ጥርስ ፊሌት አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፦ ስፋቱ 1.37 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 24 የፊሌት ዙር። ስለዚህ የፊክስድ ጥርስ ተራ ሞዞ ላይ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ቀለበቱ የሚቀመጥበት ቦታ ግን የለም።

ሲገጠም ፊሌቱ ይጸዳል፣ ግራሶ ይቀባል፣ ጥርሱ በእጅ እስኪቆም ይዞራል፣ ከዚያ ቀለበቱ ይታሰራል። ገና አልጨረሳችሁም። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ሽቅብ ትንሽ ስትገፉ ጥርሱ ይበልጥ ይገባና ቀለበቱ ይላላል። ቁልፉን ይዛችሁ ውጡ፤ ቁልቁል ከመውረዳችሁ በፊት እዚያው እንደገና አጥብቁት።

የዲስክ ፍሬን ሞዞ ያለው ደግሞ በስድስት ቡሎን የሚታሰር ጥርስ አለለት። ጎማው ተገልብጦ የዲስኩ ወገን ወደ ካቴናው ይዞራል። የሚፈታ ፊሌት ስለሌለው ለእኛ ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው፤ የፊቱና የኋላው ጥርስ በአንድ መስመር መሆናቸውን ብቻ በቀጥ ያለ ዘንግ አረጋግጡ።

«ማንኛውም ፍሬም ይሆናል»

አይሆንም። ካቴናው የሚወጠረው ጎማውን ወደ ኋላ በመሳብ ስለሆነ፣ የኋላ ጎማው ዘንግ የሚገባበት ስንጥቅ አግድም መሆን አለበት። ብዙዎቹ ባለ ማርሽ ማውንቴን ስንጥቃቸው ወደ ታች ነው፤ ማርሽ የሌላቸው የድሮ የቻይና ብስክሌቶች እዚህ ላይ ይበልጧቸዋል። ካቴናውን በስፕሪንግ የሚወጥር መሣሪያ አትጨምሩ፤ ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲያዝ ተጎትቶ ይታጠፋል። ካቴናው መሃሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች 1 ሳ.ሜ. ያህል ይወዛወዝ። ከዚያ ከጠበቀ ኩሽኔታ ይበላል፤ ከላላ ከጥርሱ ወርዶ ጎማውን ይቆልፋል፣ እግራችሁ ፔዳሉ ላይ እንደታሰረ።

«ከተማው ሜዳ ነው፣ ፍሬን ምን ያደርጋል?»

ችግሩ ዳገቱ ሳይሆን ተሳፋሪ አይቶ ድንገት ጥግ የሚይዘው ባጃጅ ነው። ብስክሌት ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል፤ የኋላው ይቀልና መሬቱን መቆንጠጥ ያቅተዋል። በሰዓት 20 ኪ.ሜ. ላይ፣ በደረቅ አስፋልት፣ ጥሩ የፊት ፍሬን በ3 ሜትር ገደማ ያቆማል፤ የኋላ ጎማ ቆልፎ መንሸራተት ግን 6 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። የክረምት ዝናብ ሲጨመርበት ሁለቱም ይረዝማሉ። ቁልቁለትም ቢሆን እግር አያሳርፍም፦ 46 በ17 ጥርስ (ፊት 46፣ ኋላ 17) ይዞ በሰዓት 40 ኪ.ሜ. የሚወርድ ሰው በደቂቃ 117 ጊዜ ያህል ፔዳል ይዞራል።

«ገመዱ መሪ ማዞር ይከለክላል» ለሚል መልስ አለ። የሹካው አናት ላይ መሃሉ ክፍት የሆነ ቡሎን ይገጠምና የፊት ፍሬን ገመድ በውስጡ ይወርዳል፤ ያኔ መሪው ሲዞር አይጠቀለልም።

«በቀጭን ጎማ መዝለል ይቻላል»

የመጀመሪያዎቹ ቪዲዮዎች በቀጭኑ የ700 ጎማ የተቀረጹ ነበሩ። ነጂዎቹ ራሳቸው ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ ባለ 26 ኢንች ወፍራም ጎማና ወደ ቢኤምኤክስ (የመዝለያ ትንሽ ብስክሌት) ዕቃ አዘነበሉ፤ ቸርኬ እየታጠፈ፣ ሲጠመዘዙም የጫማ ጫፍ የፊት ጎማውን እየነካ ስላስቸገራቸው። ፔዳሉን ወደ ፊት አግድም አድርጋችሁ መሪውን አዙሩት፤ ጫማችሁን ከነካ ያ ብስክሌት ለመሪ ማዞር አይሆንም።

«ጎማው ቶሎ የሚያልቀው ርካሽ ስለሆነ ነው»

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጥርስ ቁጥሩ ነው። ነጂ የሚቆልፈው ፔዳሎቹ አግድም ሲሆኑ፣ በለመደው እግር ነው። የፊቱ ጥርስ 48፣ የኋላው 16 ከሆነ፣ 48 ለ16 ሲካፈል ልክ 3 ስለሚመጣ፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሦስት ሙሉ ዙር ዞሮ እዚያው ይመለሳል፤ አስፋልቱ የሚፍቀው ያንኑ አንድ ቦታ ነው። እግር እየቀያየሩ ቢቆልፉ ሁለት ቦታ ይሆናል፣ ከዚያ አያልፍም። የኋላውን በ17 ቀይሩት፦ 48 እና 17 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ፍቅፋቂው 17 ቦታ ላይ ይከፋፈላል። አንድ ጥርስ ሲጨመር ዘንጉ ትንሽ ወደ ፊት ስለሚገባ ካቴናውን መልሳችሁ መወጠር አትርሱ።